ቢጫው ጀሪካን

ደቻቱ ደርቆ ሜዳ ሲሆን፣ ኳስ ሲንከባለል ባሸዋው፣
የኢፍቱ ልጅ ጮኸ በድንገት፤ ተረከዙን መርፌ ወጋው።
«ማን ጣለው?» አለ መንደሩ፤ እኔም «ማን ጣለው?» አልኩኝ፣
የስኳሬን መርፌ በጋዜጣ ጠቅልዬ እንደወረወርኩኝ
እያወቅኩ።

ሮብሌ ልብስ ሰፊው ግን አልቆመም ሊጠይቅ፤
መርፌውን ሳይቆጥር ማታ፣ ሱቁን ዘግቶ አያውቅ።
የዘይት ጀሪካን አመጣ፤ ክዳኑን በሳ በጋለ ብረት፣
ከኒሟ ግንድ አሰረው፤ «እዚህ» ብሎ ጻፈበት።
ሲሞላ፣ ነስራ ከጤና ጣቢያ በባጃጅ ትወስደዋለች፤
የማን ነው ብላ አትጠይቅ፤ ክዳኑን ብቻ ታጠብቃለች።

ልጁ ለምርመራ ዛሬም ይመላለሳል።

ትናንት መብራት ሲጠፋ፣ ሹልክ ብዬ ወረድኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ አስራ ሰባት፤ እየጣልኩ ድምፁን ቆጠርኩ።
ከጨለማው ሮብሌ፣ «ቀስ፣ እጅሽን» አለ።
ሌላ ምንም አላለ።