ቋጠሮ

ኪሱሙ ሐይቁ ዳር፣ ከፋብሪካው ጓሮ፣
ሥጋው በበረዶ ለባዕድ ተቋጥሮ፣
ቆዳው ይቀር ነበር በዝንቦች ተወርሮ።
ሰው አፍንጫ ይዞ ከዚያ ሲሸሽ ሮጦ፣
ለእኔ ጫማ ታየኝ በቅርፊት አጊጦ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በአክስቴ ጓዳ
በኖራ ስነክር፣ በፓፓያ ሳሽ፣ ስፍቅ ያንን ቆዳ፣
ያተረፍኩት ሽታ፣ ያካበትኩት ዕዳ።
የባንኩ ሰው አይቶኝ መስኮቱን ከፈተ፣
ማመልከቻዬን ግን መሳቢያው ውስጥ ከተተ።

አንድ ሰው ነበረ ከእንቅልፍ የሚያባንነኝ፤
ኦቢዬሮ፣ ሆማ ቤይ፤ ያንኑ ቆዳ ፍቆ ሊቀድመኝ የመሰለኝ።
የኔ ቀለም ደማቅ፣ ቆዳው ግን እንደ እንጨት፤
የሱ ለስላሳ ነው፣ ዝናብ ካካፋ ግን ቀለሙ የሚለቅበት።

አፖንዲ ገበያው ላይ የዓሣ አጥንት ጠባሽ ናት፤
የሴቶቹ ዕቁብ ዳኛ፤ የሠላሳ ዓመት ስም በጣቷ የምትቆጥር ሴት።
«አበድሪኝ» አልኳት። ዓሣዋን ገለበጠች።
«ገንዘብ የለኝም» አለች።
«ሰው ግን አለኝ። ሐሙስ ና፤ ታጥበህ ና» አለች።

ሐሙስ ደረስኩ። አግዳሚው ላይ፦
የፋብሪካው ፎርማን፣ እጁ በበረዶ የገረጣ፤
ጡረተኛ ቆዳ ፋቂ፣ ከናኩሩ በአውቶቡስ የመጣ፤
አዴሮ፣ የዝንብ ትል አርቢ፣ ፍቅፋቂዬን ለመኖ ፈልጋ የመጣች፣ ዓይነ ፈጣጣ፤
ከጥጉም ኦቢዬሮ። ያ የሌሊት ጣጣ።

ልወጣ ስነሣ፣ ትከሻዬን ይዛ፦
«መረብ ቀዳዳ ነው፣
ቋጠሮ ያስተሳሰረው።
የናንተ ቀዳዳ ሞልቷል፤ ቋጠሮው ነው የጠፋው»
አለች፣ ቃል ሳታበዛ።
ከዚያ ዝም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር አልጨመረች፤
ማን ለማን እንደተናገረ በዓይኗ እየቆጠረች።
እስከዚያ ቀን ድረስ መሪ የምለው ማይክ የያዘ ነበር፤
እኛ አምስታችን ተቀምጠን፣ እሷ የቆመችው አንሷት ነው ወንበር።

ቀላል እንዳይመስል። የቀለሜን ምስጢር ስነግረው ለኦቢዬሮ፣
ጥርሴን እንደመነቀል ነበር። እሱም የዘይቱን ነገረኝ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
ሽማግሌው ሁለታችንንም ሰድቦ ኖራችንን ደፋ፤
የአዴሮ ትሎች ፍቅፋቂውን በሉት፣ የጓሮው ሽታ ጠፋ፤
ፎርማኑ በነጻ ሰጠን፣ በወሩ ዋጋ ጠየቀ፣ ተጣላን፣ ለጊዜው ከፋ።
ከዚያ ከሞምባሳ ትእዛዝ መጣ፦ አራት መቶ ቦርሳ፤
ለአንድ ሰው ጉሮሮ የሚያንቅ፣ ለሁለት ግን ምሳ።

የመጀመሪያውን ጫማ ተያይዘን ወሰድንላት።
ገለበጠችው፤ አሸተተችው፤ ሽታ የለበት።
«ልጆቼን ያሳደገ ዓሣ፣ እንዴት በእግሬ ልርገጠው?»
ብላ መለሰችው፤ ሳቅንባት።
ከበሩ ሥር አንድ ልጅ፣ ከሐይቁ የነቀለውን እምቦጭ ተሸክሞ፣
እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ቆሞ ሲያያት፣
አገጯን ወደሱ፣ ዓይኗን ወደኔ አዞረች፦
«ምን ትጠብቃለህ? ወንበር አምጣለት።»