ወተትና ዱቄት

ታሊን፥ ኮፕሊ ሰፈር፥ ትራሙ የሚያበቃበት፥
ባሕሩ ግራጫ ለብሶ ከበረዶ የሚሟገትበት፤
ወተት እመረምራለሁ እዚያ፥ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት።

ገና ጎሕ ሳይቀድ ቦቴው በር ላይ ያንኮራፋል፤
ሹፌሩ ኤንዴል ወርዶ እጁን በትንፋሹ ያሞቃል፤
ጠብታ እቀዳለሁ፥ ለመሣሪያው አጎርሳለሁ፥
አራት ደቂቃ ቆሜ ፍርዱን እጠብቃለሁ።
ላሚቱ መርፌ ተወግታ መድኃኒቱ ከጡቷ ከወረደ
ሃያ ሺህ ሊትር ይደፋል፤ አበቃ፤ በቱቦው ነጎደ።
"ይህ ለላሞች ምን መልእክት ያስተላልፋል?" ብሎ
አንድም ሰው አልጠየቀኝ እስከ ዛሬ፥ ክራቫት አንጠልጥሎ።

አገሬ ብልህ ናት፥ ማንም አይክዳትም፤
ግብሬን ስከፍል ሾርባዬ እስኪፈላ አልፈጀብኝም፤
ድምፅ የሰጠሁት በሌሊት ልብሴ፥ እግሬን ዘርግቼ፥
ትራሙ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ከስልኬ ይቅርታ ሰምቼ።
ይህን ሁሉ የሚያውቅ መንግሥት
ሮዲዮን የገዛት፥ ጥፍር የምታህል ፌስታል ውስጥ
ምን እንዳለ አላወቀም።
ልብ በሉ፥ አልቻለም አላልኩም።

ሮዲዮን የጎረቤቴ የዚናይዳ ልጅ ነው።
መርከብ የሚጠገንበት ጓሮ ብየዳ ይሠራ ነበር፥
ወገቡን ብረት እስኪያደቀው፥
ሐኪሙ የሰጠው ክኒን እስኪያልቅ፥
ከዚያ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ።
ማቀዝቀዣዬን በጀርባው አራት ፎቅ አዝሎልኝ
"ሻይ ይበቃኛል" ያለ ልጅ፥ ስኳሬን ግን የጨረሰብኝ።

የደረጃችን መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ ነው የሚበራ፥
ለቁጠባ ተብሎ አምና የተሠራ።
በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሐል
ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ።
አልተንቀሳቀሰም።
መብራቱም ጠፋ።
እኔ ስወጣ በራ፤ አየሁት፤ እጁን ያዝኩት፤
ምን ያህል ቆየሁ? እንጃ፤
እንደገና ጠፋብን።

ከኪሱ የቀረችውን እናቱ በመሐረብ ጠቅልላ አመጣችልኝ።
እሑድ ነበር። ላቦራቶሪው ጭር ብሏል።
ለላም የተገዛው መሣሪያ አላንገራገረም፤
የማን አፍ እንደሚገባ አይጠይቅም።
ከፊደሉ ቁጥሩ የሚበዛ ስም አወጣልኝ።
የገዛው ሌላ፥ የገደለው ሌላ።
አራት ደቂቃ። ልክ እንደ ወተቱ።

ሸንጎ ፊት ቀረብኩ። ኡርማስ የተባለው ሰውዬ፥
ድምፁ ቅቤ የጠጣ፥ "እመቤት ሄልዩ፥" አለኝ፥ "እህትዬ፥
ዱቄቱን መንካትዎ ራሱ ወንጀል ነው፤ ይህን ትተን፥
እንመርምርላችሁ ብንል ምን መልእክት አስተላለፍን?"
መልእክት! ሟች አድራሻ የለው፥ የት ልትልከው ነው?
ላሚቷን የምታምነውን ያህል ሰውን ብታምነው ምን አለበት?
(ይህን ያሰብኩት ትራም ውስጥ ነው፤ እዚያማ ተንተባተብኩ።)

አንድ ወጣት ደግሞ ተነሣ፥ ታርሞ ይባላል፥ ጫማው ነጭ፥
"ማን እንደሚሞት አስቀድሞ የሚያውቅ አፕ ሠርቻለሁ" አለ።
ልጄ፥ እኔም ዐውቄ ነበር፤
ያለ ባትሪ።
ዚናይዳም ዐውቃ ነበር፤ የትራሙ ቲኬት ተቆጣጣሪም።
በእኛ ሰፈር ዕውቀት መች ጎደለ።

ዚናይዳ ግን በእኔ አትስማማም።
"ሻጩን ስቀሉልኝ፥ መሣሪያሽን ውሰጂው" ትላለች፤
ዝም እላታለሁ። እንዴት ብዬ እከራከራታለሁ?
ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፥
ወገቡ እየጮኸ፥ ላቡ እየወረደ፥
ሮዲዮን አራት ደቂቃ ይታገሥ ነበር ወይ?
አላውቅም።
እንዲያውቅ ዕድሉን ግን አልሰጠነውም፤ ይህን ዐውቃለሁ።

አሁን ደረጃውን ስወጣ እዚያች ቦታ ስደርስ
እጄን አወዛውዛለሁ፥ መብራቱ እንዳይጠፋ፤
ያየኝ ሰው ያበድኩ ይመስለዋል።
ትናንት ከፖስታ ሳጥኔ ሌላ ፌስታል አገኘሁ፤
"እባክዎ" ይላል ወረቀቱ፤ ስም የለው፥ ምን የለው፤
ጽሕፈቱ የልጅ ነው።

ነገ እሑድ ነው።
ቁልፉ አለኝ።