ሎሚው ያንቺ

ያች የቡና ማሽን እያጉረመረመች፣
ግማሽ ስኒ ሰጥታ፣ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች።
ይታክቱ በዘንቢል ሱቄ አመጣቻት፣
ከድንቹ፣ ከሎሚው ጎን ለጎን ከትታት።

«ተቃጥላለች» አለች። አራት ብሎን ፈታሁ፤
ሽቦው ደህና፣ ፊውዙም። ቱቦዋንም አየሁ፦
ኖራ ነው። የማርቆስ ውሃ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ስንት ወር ገንብቷል፣ ድንጋይ በዝግታ።

ከሎሚዋ ጨመቅሁ፣ አንድ ሊትር ውሃ ላይ፣
አብርቼ አጠፋኋት፤ ግማሽ ሰዓት ትቆይ።
ደግሜ አበራኋት። አስነጠሰች፣ ተፋች፣
ነጭ ነጩን ሁሉ። ከዚያማ ለቀቀች።

«በየወሩ ሎሚ፤ ከዚያም አጠጪያት፣
ባዶ ውሃ ሁለቴ፣ ኮምጣጣው እስኪለቃት።»

«ሎሚው ያንቺ» አልኋት፣ ሒሳብ ስትጠይቅ።
ዘንቢሉን አንስታ፣ ከደጄ ሳትርቅ፣
«ዝም ያለ ባልስ?» አለች። እኔ ጎንበስ አልሁ፣
ያልወደቀ ብሎን ከወንበር ስር ፈለግሁ።