ግዳይ

ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች ላንድሮቨሯ፣
የሞተ ፕሮጀክት ስም ዛሬም ይነበባል ከበሯ፤
ግራው በር በጠፍር ይታሰራል፣
ቀኙ ሲሰድቡት ብቻ ይከፈታል።
ሞተሪኖዋ ከሞተ ቆየ፤ ለመነሣት ቁልቁለት ትሻለች፣
ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት፣ እንደ ሰፌድ ተዘርግታለች፤
ስለዚህ ልየው ማታ ማታ ቤዛዊት ጥግ ወስዶ
ድንጋይ አስደግፎ ያሳድራታል፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ሰድዶ።

ጥር በገባ በሦስተኛው ሌሊት ጋሽ ዋሴ መጣ፣
ምንሽሩን እንደ አራስ ልጅ በቡልኮ ጠቅልሎ፣
ሰባት ጥይት፣ አንድ ቁና በሶ፣ ግማሽ ጠርሙስ አረቄ አንጠልጥሎ።
«ድኩላ አለ» አለን፣ «ግልገል ዓባይ ከባሕሩ ሲገባ፣ ከደንገሉ ዳር።
ቀንዱ እንዲህ» — ስንዝሩን ዘረጋ።
መራዊ ላይ ስንዝሩ ሁለት፣ ዱርቤቴ ላይ ክንድ ሆነ፣
ሊበን ስንደርስ ድኩላው በሬ አክሎ ገነነ።

ዳገት ላይ ታጓራለች፣ ቁልቁል ላይ ታዛጋለች፣
የፊተኛውን አቧራ ትታ የራሷን ትለብሳለች።
ካምቢዮው ግትር በቅሎ ነው፣ ሦስተኛ ሲሹት አንደኛ፤
ልየው በጉልበቱ ደግፎ ያባብለዋል እንደ ሕመምተኛ።

ጎሕ ሲቀድ ጣና ታየ።
ከዋርካው ማዶ የተነጠፈ፣ ብረት የመሰለ ውሃ፤
አንድ ታንኳ ደንገሉን ሰንጥቆ አለፈ፣
የቀዛፊው ሳል ብቻ ከኋላው ተረፈ።

ባሕሩ የሸሸበት መሬት ላዩ ቆዳ ነው፣ ውስጡ ገንፎ።
«ሁለት ዲፈረንሻል ናት፣ ምን ትሆናለች!»
አለ ልየው፤ ገባ።
ሁለት ዲፈረንሻል ማለት ለካ
ሁለት እጥፍ መቀበር ነው።
ክሪኩን ከሥሯ ብናስገባ ክሪኩን ዋጠው።
አካፋ አልያዝንም፤ ጭቃ በጣሳ ስንጨልፍ
ፀሐይ አናታችን ላይ ወጥታ ቆመች፣ እንቢ አለች ማለፍ።

ድኩላው ያኔ መጣ።
ቀንዱ ስንዝር ነበር፣ መጀመሪያ እንደ ተነገረን።
ጋሽ ዋሴ እስከ ክርኑ ጭቃ፣
ምንሽሩ ከኋላ ወንበር፣ በቡልኮው ውስጥ፣
ጠፍር በታሰረው በር በኩል።
ድኩላው ጆሮውን አንዴ አራገበ፣
ውሃውን ጠጣ፣
ሳይቸኩል ሄደ።
«ሴቷ ናት» አለ ጋሽ ዋሴ።
ቀንድ ያላት ሴት ድኩላ የለችም።
ዝም አልን።

ከቀትር በኋላ አንማው የሚባል ገበሬ ሁለት ጥማድ በሬ ነዳ፣
የመንደሩ ልጅ ሁሉ ተከተለው፣ ለቅሶም ሠርግም ሳይለይ።
የዳጉሳ ጭድ ከጎማው ሥር ነሰነሱ፣
ጠፍሩን ከባልስትራው ቋጠሩ፤
«በል ቡሬ! ወይ ዳልቻ! ሳብ!» — ጅራፍ ጮኸ፣
ላንድሮቨሯ እንደ ጉማሬ አጓራች፣
ሆዷን እየጎተተች ወጥታ ከደረቁ ተኛች።
አንዲት ሴት እልል አለች።
አንማው ጅራፉን መሬት ተክሎ፣ ጋሽ ዋሴን ትከሻውን መታ፦
«ገዳይ! ብዙ አዳኝ አይቻለሁ፣ በዚህ በባሕሩ ዳርቻ፣
ቆርቆሮ ለባሽ አውሬ የጣላችሁ ግን እናንተ ብቻ!»
ልጆቹ ፎከሩባት፤ አንዱ ኮፋኖዋ ላይ ወጣ።
ጋሽ ዋሴ መጀመሪያ ምድር ምድሩን አየ፣
ኋላ አረቄውን ለአንማው አቀበለና ሳቀ።

ብር አልቀበልም አለ። «ሰርክአዲስን ከነዳጉሳዋ
ኩንዝላ ገበያ አድርሱልኝ።» በሬዎቹ ጎትተው አስነሷት፤
ሰርክአዲስ ከፊት ተቀመጠች፣
ለምንሽሩ ቦታ ቢጠፋ ጭኗ ላይ አጋደመችው፣ እንደ ዘንቢል፣
መንገዱን ሙሉ የኩንታል ዋጋ ስትነግረን።

ሐምሌ ላይ ቤዛዊት ጥግ ባልዲ ይዤ ሄድኩ፣ ላጥባት።
ከፓራፋንጎዋ ሥር፣ የአቸፈር ጭቃ ከነጭዱ ከደረቀበት፣
ሦስት ዘለላ ዳጉሳ ወጥቷል፣
በዝናቡ ራሱን ይነቀንቃል።
ልየው ባልዲውን ከእጄ ተቀበለ።
«ተው» አለኝ፣ «እስኪያሸት።»