ጠብ

ሃያ ዓመት ቀዳሁኝ ለገሃር ላይ ቆሜ፣
ናፍጣ እየሸተተ ትራሴና ሕልሜ።
ትናንት አንዲት መኪና፣ ድምፅ የሌላት፣ ነጭ፣
ገባች ከሰልፋችን፣ ከጩኸቱ ምንጭ።
«ምን ልቅዳ?» አልኩት። «ሃይድሮጂን» አለ፣
እንዳፈረ እንግዳ ቀስ፣ ቀስ እያለ።
«ማደያው የታል?» ስል፣ «በፕላን ላይ አለ።»

ከኋላ ክላክስ። ስድብ። «ወረፋ አትዝጋ!»
አንዱ ወረደበት፣ እጁን እየዘረጋ።
ጠብ ተነሣ፣ ጠብ፤
ኮሌታ ተያዘ፤ ከየት ይምጣ ልብ?
እሷ ግን በስተኋላ፣ ከጭስ ማውጫዋ ሥር፣
ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች ውሃ፣ እንደ ምስጢር።

እኛ ሰፈር ቧንቧው ጠብ ካላለ ሳምንት፤
ጎንበስ ብዬ፣ ሳላፍር፣ መዳፌን ደቀንኩላት።

ኋላ በናፍጣ ፒካፕ ተጎትታ ሄደች፤
እጄ ላይ አንድ ጠብታ ቀረች።
አሸተትኳት፤
ናፍጣ፣ ናፍጣ ሸተተች።