ባዶው ማዕዘን

ቬልሙር ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጓሮ፣
ካርታ እገለብጣለሁ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ዘንድሮ።
መምህሬ ኦስክሪን፣ ዓይኑ እየፈዘዘ፣
ጣቱን ያስኬደዋል ወንዙን እንደያዘ፤
ቀለም የወፈረ እንደሁ፣ ብራናዬን ቀዶ፣
«ይኼ ወንዝ አይደለም፣ ያበጠ ደም ሥር ነው!» ይላል፣ በንዴት ነዶ።

የእኛን አገር መሳል ሥራ ነው ወይስ ቀልድ?
ኦምሩት ተራራው በየዓመቱ ስንዝር ወደ ባሕር ሲሄድ፣
ከሥሩ የሚኖሩት የሳምቬ ሰዎች
ያዛውሩለታል አጥርና ደጆች፤
የደረሰበትን ድንጋይ በኖራ ይቀቡና
«በቃ፣ እዚህ ያርፋል» ይላሉ። አያርፍም፤ ይነሣል እንደገና።
ዱርናስ ወንዛችንም፣ ቀን ቁልቁል የሚፈሰው፣
ሲመሽ ይመለሳል፣ ቁልፍ እንደረሳ ሰው።
የቀስቱን ጫፍ ታዲያ ወዴት ነው የማዞረው?
«ሁለት ጫፍ አብጅለት» ነው መምህሬ የሚለው።

ተክሉስ ቢሆን?
ታርሙዝ ሥሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ደመና ይጠባል፤
ፍሬው ከቅርፊቱ ውስጥ፣ ሳይታይ፣ ይበስላል፤
ልጆች ግንዱ ላይ ጆሮ ደቅነው
«ደረሰ፣ ይንኳኳል» የሚሉ እነሱ ናቸው።
ፌሊር የአለት ሽበት፣ ገደል ላይ የሚያድረው፣
ባዶ እግር ሲረግጠው ብቻ ነው የሚበራው፤
ድኻ እያበራለት ቁልቁለቱን ይወርዳል፣
ጫማ ያለው ሀብታም በጨለማ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ሞላን። ከምሥራቅ ጫፍ ግን፣
ከጨው ምላስ ወዲያ፣ አውራ ጣት የምታህል ባዶ ቀረችብን።
የኦስክሪን አያት ተዋት፣ አባቱም ተዋት፤
«ሂድ ሉቬን» አለኝ፣ «ሳልሞት አይተህ ሙላት።»

አሥራ ሰባት ቀን ሄድኩ። በአሥራ አምስተኛው ውኃዬ አለቀ፤
ጨው ምላሱን አውጥቶ ላሰኝ፣ ከንፈሬ እስኪሰነጠቅ። ሳቀ።
ከዚያ ሽታ መጣ፤ የዝናብ አይደለም፣ የአበባም አይደለም፣
አዲስ የተላጨ የሕፃን ራስ ሽታ፤ ሌላ ቃል የለኝም።
መዳፍ የምታህል ሸለቆ።
አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ታርማለች።
ናሩዜ ነኝ አለች፤ ውኃ በቅል ሰጠች።

ከሙታኖቻቸው ላይ ነው ያ ቅጠል የሚበቅል፤
ከሥሩ ብርማ ነው፣ ወደ ጫፉ ይከስል፤
ሲነኩት ይሞቃል፣ ሲያወሩት ዘንበል ይላል፣
ጆሮው የከበደ አዛውንት ይመስላል።
«ስሙስ?» አልኳት፣ ብዕሬን አውጥቼ።
እጄን ያዘች። ቆየች።
«ኮርሊት የሚሉት አበባ ነበረን፣ በስተሰሜን በኩል፤
አንዱ ጻፈው። መርከብ መጣ። ዛሬ ስሙ ብቻ ይበቅላል።
አንተ ሦስተኛ... የለም፣ አራተኛው ነህ፤
አውራ ጣታቸው ጥቁር ነበር፣ እንዳንተ፣ እንዲህ።
ጠጥተው ሄዱ። ምንም አላሉም።
ጠጣ።»

ቬልሙር ስገባ መምህሬ ከደጅ ጠበቀኝ፤
ብራናውን ዘርግቶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ «ሳል!» አለኝ።
እጄን ወደ አፌ አስጠግቼ
ሳልኩለት፤
ደጋግሜ፣ ሳንባዬን አውጥቼ።

ኦስክሪን ዝም አለ። በጣቱ ባዶዋን ፈለገ፤
ሲያገኛት ፊቱ በራ፣ ባዶ እግር እንደነካው ፌሊር። ፈገገ።
«የጨው ምላስ ጉንፋን ነው» አለ፣ «ይኼ ቤት ያውቀዋል፤
አያቴ በሱ ሞተ። እኔንም፣ ሲመሽ ሲመሽ፣ ያስለኛል።»

ቀለሙን ከደንነው።
ዓሣ ጠብሶ ነበር፤ በላን።