ሰባተኛው ቦታ

ቤታችን አንድ ክፍል ናት፣ ከሠራተኛ ሠፈር ቁልቁል፤
አልጋ ከጠረጴዛ፣ ጠረጴዛ ከበር ጋር ሲታገል።
የልጄ ትሮምቦን ግን ክንዱ ረጅም ነው።
«ሰባት ቦታ አለው» አለችኝ፤
እስከ ስድስት ቤቱ ይበቃናል፣
ሰባተኛው ላይ ናሱ ከሳንቃው ይጋጫል።
ወፍራሙ ድምፅ ያለው ደግሞ እዚያ ነው፣
ከሁሉ ወፍራሙ፣ ደረት የሚገባው።

እናም ሥራ ተሰጠኝ፦
በር አጠገብ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣
በቅንድቧ ስትጠቅሰኝ
መወርወሪያውን ስቦ በሩን መክፈት፣
ኖታው ሲያልቅ መልሶ መዝጋት።
ይኸው ሦስት ዓመት
ሽንኩርት ጉልበቴ ላይ እየከተፍኩ
ሙዚቀኛ ሆኛለሁ፤
የበር ሙዚቀኛ።

ጋሽ ኃይለልዑል የሌሊት ዘበኛ ነው፣ ቀን ይተኛል።
ለእሱ ብለን ናሱን ካልሲ እናጎርሰዋለን።
አንድ ቀን በመስኮት፦
«ያቺ ላም ዛሬም አልወለደችም?»
ኤፍራታ ሁለት ቀን አኮረፈች፤
በሦስተኛው ላሟ ቀጠለች።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት።
ሰኞና ረቡዕ ባንድ፣ ማክሰኞ ማጠናከሪያ፣
ቅዳሜ ሞዴል ፈተና፣ እሑድ በሰልፍ መርገጥ፣
ፊዚክሱን በታክሲ ወረፋ፣ ምሳዋን ቆማ መዋጥ።
መምህር ይርዳው «ከንፈርሽን አሳርፊ» ይላታል፤
የትኛውን ሰዓት?
እኔ የማውቃት በጫማዋ ነው፦
ካለ ገብታለች፣ ከሌለ ወጥታለች።

እኔ ደግሞ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ።
በኅዳር የሰው ልጅ ሁሉ ትራንስክሪፕት በእጄ ያልፋል፤
ሒሳብ መቶ፣ ኬሚስትሪ ዘጠና አራት፣
ገጹ ትኩስ ይወጣል፣ ከምድጃ እንደ ዳቦ፤
የማን ልጅ ይሆን እላለሁ፣
ሳንቲሙን ቆጥሬ እቀበላለሁ።

የውጭው ማመልከቻ የሚዘጋው በእነሱ እኩለ ሌሊት ነው፤
የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት።
ሌሊት ዘጠኝ ላይ መብራት ሄደ።
በእኔ ስልክ ኔትወርክ፣ በእሷ ስልክ ብርሃን፣
«ቤትሽን ግለጪ» ይላል ጥያቄው፣
«ከስድስት መቶ ሃምሳ ቃላት ባልበለጠ።»
የእኛ ቤት በአሥራ ሁለት ያልቃል ብዬ ሳቅኩ።
አልሳቀችም።
በራችን ላይ የወረዳው ሰዎች
በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄደዋል ባለፈው ወር፤
ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅንም።
ጽፋበት ይሆን? እሱንም አልጠየቅኩም።

በነጋታው ሥራ ላይ በቴሌግራም ላከችልኝ፦
«እማ፣ ለትምህርት ቤቱ ፋይል፣ ሦስት ኮፒ።»
ላላነብ ነበር።
ማሽኑ ግን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያወጣዋል፣
በእንግሊዝኛ ነው፣ ያም ሆኖ የገባኝ ገባኝ፦
እናቴ ሙዚቃ አትወድም፤
በሩን ግን ትከፍትልኛለች።

አትወድም?
ማን ነገራት?
እስክሪብቶው ጆሮዬ ላይ ነበር።
ደግሞስ ምን ብዬ ላርመው፤ «ቀንሺው» ስል ነው የኖርኩት፣
«ጋሽ ኃይለልዑል ይተኛበት» ስል፣
«መጀመሪያ ሒሳቡን» ስል።
«እህት፣ ሁለት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ» አለ ደንበኛ።
ሦስት ነበር ያለችው፣ ሦስት አደረግኩ።

ማታ መጣች፣ ከንፈሯ አብጦ፤
ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ናሱን አነሣች።
በርጩማዬን ሳብኩ።
ካልሲውን ራሴ አወጣሁት፤
አየችኝ፤ ምንም አላለች።
አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት፣
ከዚያ ቅንድቧ።
ከፈትኩ፤ ክንዱ ደፉን አልፎ ውጭ ወጣ፣
ድምፁም ተከትሎት ወደ ጠባቡ መንገድ።

ኖታው አለቀ። መወርወሪያውን ያዝኩ፤ አልገፋሁትም።
«እማ፣ ዝጊው እንጂ፣ ይበርዳል።»
«ይቆይ።»

ጋሽ ኃይለልዑል ለሥራ ሲወጣ፣
ካፖርቱን ለብሶ፣ ባትሪውን ይዞ፣
በራችን ላይ ቆመ።
ቀዩን ቁጥር በባትሪው አበራበት፣ ቀጥሎም እሷን።
«ዛሬ ወለደች» አለ፣
መንገዱን ቀጠለ።

ብርዱ ገባ።
ሽንኩርቴ ግማሽ ላይ ነበር።